ከትራማዶል ሱስ መውጫው፦ ምን መድኃኒት፣ ከየት፣ በምን ገንዘብ?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው፤ እዚሁ ጎንደር ባጃጅ ይነዳል። እግሩ በተሰበረ ጊዜ የታዘዘለትን ትራማዶል ከዳነ በኋላም አልተወውም፤ አሁን በቀን 12 ፍሬ ይወስዳል። ባለፈው ወር ራሱን ስቶ ወደቀና ተንቀጠቀጠ። አባታችን ጸበል ይግባ ይላል። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ባጃጁን ሸጠን አዲስ አበባ የግል ማገገሚያ ለአንድ ወር እናስገባው ይላል። እኔ ለዚህ ሱስ የሚሰጥ መድኃኒት እንዳለ ሰምቻለሁ። ምንድን ነው? የት ይገኛል? የማኅበረሰብ ጤና መድን ካርዳችንስ ይሸፍነዋል?

ምላሽ፦ ባጃጁን አትሽጡት። ወንድምዎ ግን ከዛሬ ጀምሮ መሪ አይያዝ፤ አንዴ የወደቀ ሰው ሁለተኛ የሚወድቀው ተሳፋሪ ጭኖ ቁልቁለት ላይ ሊሆን ይችላል። ለምታምኑት ሹፌር በቀን ገቢ ስጡት። ሕክምናውን ለወራት የሚያስቀጥለው ያ ገቢ ነው። በዚህ ጉዳይ ቤተሰብ በብዛት የሚሳሳተው ያለውን ጥሪት በሙሉ በመጀመሪያው ወር ላይ በማፍሰሱ ነው። የመጀመሪያው ወር ያስፈራል፤ ሐራራው ግን ከዚያም በኋላ፣ ክትትሉ ሲላላና ኪስ ሲራቆት ተመልሶ ሊያሸንፍ ይችላል።

መጀመሪያ መጠኑን በትክክል እንወቅ። በሕጋዊ መንገድ የሚሸጠው ተራ የትራማዶል ካፕሱል 50 ሚሊግራም ነው፤ 12 ፍሬ ማለት 600 ሚሊግራም ይሆናል። ለአዋቂ የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን በቀን 400 ነው። ነገር ግን በኮንትሮባንድ የሚገባው ሁሉ 50 አይደለም፤ 100፣ 200፣ 225 ሚሊግራም የተጻፈበት ትራማዶል በአፍሪካ ገበያዎች ተገኝቷል። ስለዚህ ባዶውን ማሸጊያ አይጣሉት፤ የተጻፈውን ቁጥር አንብበው በፍሬው ብዛት ያባዙ፣ ማሸጊያውንም ለሐኪሙ ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ይህን ቁጥር ነው፤ «ብዙ ይወስዳል» የሚለው ምንም አይረዳውም።

የወደቀበት ምክንያት ምሥጢር አይደለም። ትራማዶል እንደ ሞርፊን ሕመም ማስታገሻ ብቻ አይደለም፤ እንደ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም በአንጎል ውስጥ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የተባሉትን ንጥረ ነገሮች ከፍ ያደርጋል። ከ400 በላይ ሲወሰድ፣ በተለይም ብዙ ፍሬ በአንድ ጊዜ ሲዋጥ፣ የሚጥል ሕመም ሊያስነሣ ይችላል። አረቄ ወይም ጠጅ ሲታከልበት፣ እንቅልፍ ሲጠፋ፣ ጫት ሲደረብበት ይብሳል። ሌላም አለ፤ ከመድኃኒት ቤት በቀላሉ የሚገዛው ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ለእንቅልፍ ወይም ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን፣ ለድብርት የሚሰጠው ፍሉኦክሰቲን ሁሉም ከትራማዶል ጋር ሲገናኙ ለመውደቅ ያጋልጣሉ። ሕልም እያየ፣ ድምፅ እየሰማ ነው ተብሎ ክሎርፕሮማዚን ሲሰጥም እንዲሁ። ወንድምዎ ለማንኛውም ሕመም ሕክምና ቢሄድ «ትራማዶል እወስዳለሁ» ብሎ መናገር ግዴታው ነው።

«ጓደኛው ያንኑ ያህል ይወስዳል፣ ምንም አልሆነም» የሚል ክርክር መምጣቱ አይቀርም። ትራማዶል በጉበት ውስጥ ሲ.ዋይ.ፒ.2ዲ6 በተባለ ኢንዛይም አማካይነት ወደ ጠንካራ ኦፒዮይድ፣ ማለትም እንደ ሞርፊን ወዳለ ነገር ይቀየራል። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ኢንዛይም ጂን ተደራርቦ እንደሚገኝባቸው አሳይቷል። እንዲህ ባለ ሰው ሰውነት ውስጥ አንድ ፍሬ ከሌላው ይልቅ ቶሎና በርትቶ ይሠራል። የጓደኛ መጠን ለወንድምዎ መለኪያ አይሆንም።

ዛሬውኑ በአንድ ጊዜ ይተው ማለትም አደጋ አለው። ከመጨረሻው ፍሬ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ላብ፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የሰውነት መቁረጥ፣ ተቅማጥ፣ የእግር መቅበጥበጥና እንቅልፍ ማጣት ይጀምራል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ይበረታል፤ አብዛኛው ምልክት ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይረግባል። አንዳንዶች ላይ ግን ሌላ ዓይነት ምልክት ይመጣል፦ ድንገተኛ ፍርሃት፣ ሰው ሊገድለኝ ነው ማለት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደነካው መንዘር። ይህ የመድኃኒቱ ሁለተኛ ጠባይ፣ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊንን ከፍ ማድረጉ፣ በድንገት ሲቋረጥ የሚያመጣው ነው። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ሌላ ነገር ያዘው» ብሎ ከሐኪም ያርቀዋል፤ በዚያው ሰዓት ግን የሚያስፈልገው ሐኪም ነው።

አሁን ወደ ጠየቁት መድኃኒት። ለኦፒዮይድ ሱስ በዓለም ላይ የሚሠራባቸው ሦስት ናቸው፦ ሜታዶን፣ ቡፕረኖርፊንና ናልትረክሶን።

ሜታዶን ረጅም ጊዜ የሚቆይ ኦፒዮይድ ነው። በቀን አንዴ፣ ብዙውን ጊዜ በጤና ባለሙያ ፊት ይዋጣል። የሚጀመረው ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ሲሆን በመጀመሪያው ቀን ከ40 አይበልጥም፤ ሰውነት ውስጥ እየተከማቸ ስለሚሄድ ችኩል ሰው ይሞትበታል። የልብ ምት ስለሚያዛባም የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ይፈልጋል። ቡፕረኖርፊን ከምላስ ሥር የሚሟሟ ነው፤ መጠኑ ቢጨመርም ትንፋሽን የማፈን ኃይሉ በተወሰነ ደረጃ ላይ ስለሚቆም ከሜታዶን የተሻለ ደኅንነት አለው። በ2 ወይም በ4 ሚሊግራም ይጀመርና ብዙ ጊዜ በቀን ከ8 እስከ 16 ላይ ይረጋል። አንድ ጥብቅ ሕግ አለው፤ የማቋረጥ ምልክት በግልጽ ሳይታይ ከተወሰደ ሕመሙን በደቂቃዎች ውስጥ ያባብሰዋል። ለዚህ ነው «ዛሬ ምንም ሳትውጥ ና» የሚባለው። ሁለቱም በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የገቡት በ2005 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሱሰኛውን በሌላ ሱስ መተካት ነው የሚለውን ወሬ አትስሙ።

ናልትረክሶን የተለየ ነው፤ ኦፒዮይዱ የሚቀመጥበትን ቦታ ይዘጋል። በቀን 50 ሚሊግራም ይዋጣል። ግን ቢያንስ ከ7 እስከ 10 ቀን ከትራማዶል ንጹሕ መሆን ያስፈልጋል፤ የጉበት ምርመራም ይቀድመዋል። ብዙዎች ጥቂት ጊዜ ወስደው ያቆሙታል፤ ማንም በየቀኑ በዓይኑ እያየ የሚሰጠው ሰው ከሌለ ገንዘብ አታውጡበት።

ሜታዶንና ቡፕረኖርፊንን በጤና ጣቢያ ወይም በፒያሳና በማራኪ መድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ ላይ አትፈልጉ። ያለ ሐኪም ቁጥጥር የማይሰጡ መድኃኒቶች ናቸው፤ በስልክ «አለኝ» የሚል ሻጭ ቢገኝ የሚሸጠው ምን እንደሆነ ማወቂያ የላችሁም። ስለ እነርሱ መጠየቅ ያለበት የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ነው፦ «ለወንድሜ ቡፕረኖርፊን ያስፈልገዋል? የሚያስፈልገው ከሆነ የሚሰጥበት ተቋም ሪፈር ይጻፍልን።» ጥያቄውን እንዲህ ቁርጥ አድርጋችሁ አቅርቡ።

ደስ የሚለው፣ ትራማዶልን ብቻ የሚወስድ ሰው ብዙ ጊዜ ያለ ሁለቱም መውጣት ይችላል። መንገዱ መጠኑን በልክ እየቀነሱ መሄድ ነው። ወንድምዎ ስለ ወደቀ ከ400 በላይ ያለው ክፍል ቶሎ መውረድ አለበት፤ ይህን ሆስፒታል ተኝቶ፣ እንዳይወድቅ የሚከላከል መድኃኒት እየተሰጠው ቢያደርገው ይመረጣል። አንዳንድ ሐኪም ትራማዶሉን እዚያው ሙሉ በሙሉ አስቁሞ ምልክቶቹን ብቻ ማከም ይመርጣል፤ ያም ልክ ነው። ቅነሳው ከተመረጠ 400 ላይ ከደረሰ በኋላ በየሳምንቱ አንድ ፍሬ፣ ማለትም 50 ሚሊግራም መቀነስ የተለመደ አካሄድ ነው። ይህ 8 ሳምንት ይወስዳል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ፍሬዎች ግን አታስቸኩሉ፤ ከስምንት አንድ መቀነስና ከሁለት አንድ መቀነስ አንድ አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚመለሰው እዚያ ላይ ነው። እዚያ ሁለት ሁለት ሳምንት ይሁን።

በዚህ ጊዜ የሚበላሹ ነገሮች የታወቁ ናቸው። የቀኑ መጠን በአራት ተከፍሎ መወሰድ ሲገባው ጠዋት አንዴ ይዋጣል፤ ይህ ነው የሚጥለው። መድኃኒቱ በታማሚው ኪስ ይቀመጣል። ይልቅስ እርስዎ ወይም እናታችሁ ቆልፋችሁ ያዙት፣ የአንድ ቀኑን ብቻ ስጡት፣ በደብተር ላይ ቀንና ቁጥር ጻፉ። ቀስ ብሎ የሚለቅ ዓይነት ክኒን ከሆነ መሰበርም መፈጨትም የለበትም፤ የቀኑ መጠን በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ለቅነሳ የሚውለው በሐኪም ማዘዣ ከታወቀ መድኃኒት ቤት የተገዛ ይሁን፤ በጎን በሚገዛው መቀነስ የማይታይ መሰላል እንደ መውረድ ነው፣ እርከኑ የት እንዳለ አይታወቅም።

ለምልክቶቹ ሐኪሙ ክሎኒዲን የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት ሊያዝ ይችላል፤ 0.1 ሚሊግራም በየ6 ወይም 8 ሰዓቱ ሲሆን ከመሰጠቱ በፊት ግፊት ይለካል፣ የላይኛው ቁጥር ከ90 በታች ከሆነ ይዘለላል። ለተቅማጥ ሎፐራማይድ፣ ለሕመም ኢቡፕሮፌን ይበቃል። ዳያዜፓም የተባለው የሚያረጋጋ መድኃኒት ለአጭር ጊዜ ይረዳል፤ ከትራማዶል ጋር ተደርቦ ትንፋሽ ስለሚያፍን ግን በሐኪም ልክ ብቻ፣ በቤተሰብ እጅ ተይዞ።

መንገዱ እንዲህ ነው። በምትኖሩበት አካባቢ ወዳለው ጤና ጣቢያ፣ ማራኪ ከሆናችሁ ማራኪ፣ አዘዞ ከሆናችሁ አዘዞ፣ መሀል ከተማ ከሆነ ጎንደር ፖሊ፣ ሄዳችሁ ካርድ አውጡ። መውደቁን አስቀድማችሁ ተናገሩ። እዚያ ሪፈር ይጻፍላችሁና ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ የሥነ አእምሮ ክፍል። ሪፈር ሳይጻፍ በቀጥታ መሄድ ጊዜ ያተረፈ ይመስላል፤ በመድን ለሚታከም ሰው ግን ወጪው ወደ ራሱ የሚዞርበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ዳግም ከወደቀ ግን ሪፈር አትጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይግባ። ከዚያ በላይ ሪፈር ከተጻፈ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ክፍል ይሆናል። ሁለቱም የመንግሥት ናቸው፤ ከግል ማገገሚያ በፊት መጠየቅ ያለባቸው እነርሱ ናቸው። ወደዚያ ስትሄዱ የቅነሳውን መድኃኒት ከቀጠሮው ቀን ቢያንስ አንድ ሳምንት የሚያስተርፍ አስጽፋችሁ ያዙ፤ መንገድ ሲዘጋ ወይም ቀጠሮ ሲገፋ በድንገት ማቋረጥ እንዳይመጣ።

ስለ ምርመራ አንድ ነገር። «የሽንት ምርመራው ንጹሕ ነው» ብሎ ወንድምዎ ወረቀት ቢያመጣ አትደሰቱ። ተራው የኦፒየት የሽንት ምርመራ የሚያየው ሞርፊንና ኮዴይንን ነው፤ ትራማዶልን አያይም። ለትራማዶል ለብቻው የተሠራ መመርመሪያ አለ፤ እርሱ ካልሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ገንዘብ ማውጣት የሚገባው የደም ስኳር (ትራማዶል ስኳር ሊያወርድ ይችላል)፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ ላይ ነው፤ በመርፌ የሚወስድ ሰው ከሆነ የኤች.አይ.ቪ.ና የጉበት ቫይረስ ምርመራም ይጨመር። የኤች.አይ.ቪ. ምርመራና ሕክምና ለማንም በነፃ ነው።

ወደ ገንዘቡ። ስለ መድኑ እውነቱን እወቁ። ለደመወዝተኞችና ለጡረተኞች የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን ደንብ ቁጥር 271/2005 ከሽፋን ውጭ ካደረጋቸው አንዱ ከዕፅ መጎዳትና ከሱስ ጋር የተያያዘ ሕክምና ነው። ይህ መንፈስ በማኅበረሰብ አቀፉም መድን አሠራር ላይ ሊያጠላ ይችላል። ስለዚህ ካርዱ ሁሉን ይከፍላል ብላችሁ አትነሡ፤ ምንም አይከፍልም ብላችሁም ካርዱን ቤት አትተዉ። መውደቁ ለብቻው ሕመም ነው፣ ድብርቱ ለብቻው ሕመም ነው፣ የእግሩ ስብራት ያስቀረው ሕመም ለብቻው ነው። ሐኪሙ ያየውን ሁሉ፣ ሱሱንም ጭምር፣ በትክክል ይጽፋል፤ እናንተ በሆስፒታሉ የመድን ጽሕፈት ቤት «ከእነዚህ የትኛው በካርዱ ይታያል?» ብላችሁ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ጠይቁ። ሱሱን ደብቆ ካርዱን ለማሠራት መሞከር ግን ሞኝነት ነው፤ ያልተነገረው ሐኪም ያንኑ ፍሉኦክሰቲን ያዝለታል።

የካርዱ ዓመታዊ መዋጮ ታድሶ እንደሆነ፣ ወንድምዎም በቤተሰቡ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አሁኑኑ አረጋግጡ። ዕድሜው 18 ያለፈ ልጅ ራሱን ችሎ እንዲመዘገብ ሲጠየቅ ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀው ሆስፒታል በር ላይ ነው። የመክፈል አቅም ከሌላችሁ ቀበሌው የሚለያቸው ሰዎች መዋጮ በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራር አለ፤ ምልመላው በየጊዜው ስለሆነ ሲያልፍ አትጠብቁ፣ ቀድማችሁ ተመዝገቡ።

በኪስ የሚወጣውን በወረቀት ላይ አውጡት፦ ካርድ፣ ምርመራ፣ መድኃኒት፣ አልጋ፣ የአስታማሚ ምግብና ማደሪያ፣ ትራንስፖርት፣ ወንድምዎ ሥራ የሚፈታባቸው ቀናት። ከዚያ ያላችሁን ገንዘብ ሦስት ቦታ ክፈሉትና አንዱን ብቻ ለመጀመሪያው ወር መድቡ። ሁለቱ እጅ ለቀጣዮቹ ወራት ክትትል ነው። እቁብ ካላችሁ ዕጣው በሦስተኛው ወር አካባቢ እንዲደርሳችሁ ዳኛውን ለምኑ፤ ከመጀመሪያው ዕጣ ይልቅ ያኔ የሚመጣው ይጠቅማል።

የግል ማገገሚያውን ጨርሶ አልነቅፈውም፤ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ቀብድ ሳትሰጡ እነዚህን ጠይቁ። የሙያ ፈቃዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይታያል? ሌሊት ቢወድቅ ሐኪም ወይም ነርስ አለ? ናሎክሶን (በኦፒዮይድ የታፈነ ትንፋሽን የሚመልስ መድኃኒት) እና በመርፌ የሚሰጥ ዳያዜፓም ቤት ውስጥ አለ? ትራማዶሉን በመቀነስ ነው የምታስቆሙት ወይስ በአንድ ቀን? አንድ ወር ሲያልፍ ክትትሉን ማን ይይዛል? በሰባተኛው ቀን ቢወጣ ስንት ይመለሳል? «እዚህ መድኃኒት አንጠቀምም፣ በጉልበትና በምክር ነው» የሚል ቦታ ለወንድምዎ አይሆንም፤ ወድቋልና። ታማሚ የሚታሰርበት ቦታ ከሆነ ከበሩ ተመለሱ።

ጸበሉን በተመለከተ፣ በአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ጸበል አትሂዱ ማለት ከንቱ ምክር ነው፣ እኛም አንልም። አባታችሁን በዚህ ጉዳይ አትሟገቱ፤ አብራችሁ ሂዱ። ሦስት ነገር ብቻ ይጠበቅ። መድኃኒቱ በሰዓቱ ይወሰድ፤ ንስሐ አባታችሁን ብትጠይቁ ለታመመ ሰው ጾሙን ሊያቀሉለት ይችላሉ። ብቻውን ውኃ ውስጥ አይግባ፣ ከወደቀ ፊቱ ውኃ ውስጥ ነው። ተቅማጥና ትውከት ባለበት ሰሞን ባዶ ሆዱን ረጅም ሰዓት አይቆይ፣ ውኃና ጨው ያለው ነገር ይጠጣ። የጀመረውን ቅነሳ ጸበል ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ ማቆም ከመጣ ግን ያን ዕለት ሐኪሙን አግኙት።

ከሁሉ አስፈሪው ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ከቆየ በኋላ የሚመጣው ነው። ሁለት ወር ያልወሰደ ሰው ሰውነቱ የቀድሞውን 12 ፍሬ አይችልም፤ በአንድ ሌሊት ያን ያህል ከዋጠ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ይህን ወንድምዎ ራሱ ጤነኛ በሆነበት ቀን ከአፍዎ ይስማው። ከንፈሩ ከጠቆረ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ከጠበበ፣ እየተንኮራፋ ለመንቃት እምቢ ካለ በጎኑ አስተኙት፣ ከአፉ ውስጥ ያለውን አውጡ፣ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ላይ ደውሉ ወይም ባለው ባጃጅ ወደ ድንገተኛ አድርሱት፤ «ትራማዶል ነው የወሰደው» በሉ። ናሎክሶን ትንፋሹን ይመልሳል፤ በትራማዶል ላይ መውደቅን ሊያስነሣ ስለሚችል በባለሙያ እጅ ይሁን እንጂ ትንፋሽ ከጠፋ አይዘገይም። ሲንቀጠቀጥ ደግሞ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጨርቅም አትክተቱ፣ እጁን አትጫኑ፤ ከራሱ ሥር ልብስ አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ፣ 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ነቅቶ ሳይመለስ ሁለተኛ ከጀመረ ድንገተኛ ነው።

ከወራት በኋላ አንድ ቀን ሁለት ፍሬ ወስዶ ቢመጣና ቢነግራችሁ አትቆጡት፣ ቤት አትዝጉበት። ከደበቀ ቀጣዩ 12 ነው። በማግሥቱ ሐኪሙ ዘንድ ውሰዱት፤ ቡፕረኖርፊን ወይም ናልትረክሶን ይሻላል ወይ የሚለውን ጥያቄ ዳግም የምታነሡት ያኔ ነው፣ ለዚያ ቀን ያስቀመጣችሁት ሁለቱ እጅ ገንዘብም የሚወጣው ያኔ ነው።